ለሐኪሙ ያልተነገረው

ደሴ ላይ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ የሐኪም ወሬ አይጠፋም። ለቅሶ ቤትም ይሁን ቡና ላይ፣ ከተቀመጡት መካከል ያልታመመው ያስታመመ ነውና፣ ወሬው ከአንዱ ክሊኒክ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሲዞር ያመሻል። አንዱ ቀና ብሎ ሳያይ መድኃኒት ያዝዛል፤ ሌላው የላቦራቶሪ ወረቀት ሳያስደረድር አይረካም፤ ሦስተኛው እጁ ፈውስ ነው ይባልለትና ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል። ቅሬታው መሠረት የለውም አልልም፤ አብዛኛውን እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ይሁን እንጂ እናቴንና አክስቴን ይዤ ዓመታትን በካርድ ክፍል ወረፋ ያሳለፍኩ አስታማሚ እንደመሆኔ፣ ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ ሁልጊዜ የሚጎድል ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ሐኪሙ የደበቀብንን እንቆጥራለን እንጂ፣ እኛ ለሐኪሙ ሳንነግረው የቀረውን ማንም አያነሣውም።

የምንደብቀውም ቀላል አይደለም። ገና ከቤት ሳንወጣ፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ ሆነን እንመካከራለን። ጸበል መሄዷን አታንሺ፣ ይቆጣል። ከሰኞ ገበያ ያመጣንላትን ሥር ማን ጠየቀሽ፣ ዝም በይ። መድኃኒቱ እንዲያደርስ ብለን አንዱን ክኒን ለሁለት መክፈላችንን አትናገሪ፣ ችግራችንን ለባዳ ምን አስወራን። እንዲህ ተባብለን እንገባና፣ «መድኃኒቱን በትክክል እየወሰዱ ነው?» ስንባል በአንድ ድምፅ «አዎ ዶክተር» እንላለን። (በነገራችን ላይ በእኛ ዘንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ወንድ ሁሉ ዶክተር፣ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት፤ ስፔሻሊስት ሆና ሲስተር እየተባለች የምትውለው ሐኪም ምን እንደሚሰማት ብጠይቃት ደስ ይለኛል።) የደም ግፊቱ ተለክቶ ዛሬም ከፍ ብሎ ሲገኝ፣ መድኃኒቱ እየተወሰደ እንዳልሠራ የሚያምነው ሐኪም ወይ መጠኑን ይጨምራል፣ ወይ ሌላ መድኃኒት ይደርባል። ቤተሰቡ ደንግጦ ከዚያ ቀን ጀምሮ የታዘዘውን በሙሉ መስጠት ከጀመረ ደግሞ፣ በሽተኛዋ ግፊቷ ወርዶ ከአልጋዋ ስትነሣ ትወድቃለች። ያን ጊዜ የሚወራው ሐኪሙ ሊገድላት እንደነበር ነው።

አክስቴ የአባቴ እኅት ናት፤ ኩታበር ትኖራለች። እሷ ክርስቲያን፣ እናቴ እስላም፤ በወሎ ይህ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ነገር አይደለም። አንድ ክረምት ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቿ አብጠው ጫማ አልገባላት አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ኩላሊት ነው ብሎ ፈረደ፤ ኩላሊት ከተባለ በኋላ ደግሞ በሰፈሩ የሚቀረው ቅሬውን፣ ማለትም የቀብር ዕድሩን፣ ማሰብ ብቻ ነው። ደሴ አምጥቻት ያየቻት ሐኪም ገና ወጣት ነበረች። እግሯን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ አይታ፣ ምርመራ ከመጻፏ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች፦

«እማማ፣ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ይዘው መጥተዋል?»

«የቱን ልጄ? ብዙ ነው እኮ።»

«ሁሉንም።»

አክስቴ እያፈረች ከዘንቢሏ ሥር ጥቁር ፌስታል አወጣች። ሐኪሟ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ግማሻቸው ያለቁ ክኒኖች ከነማሸጊያቸው፣ በደብተር ወረቀት የተጠቀለሉ ስም የሌላቸው እንክብሎች፣ የጨጓራው ኦሜፕራዞል፣ ለጉልበቷ ብላ ከሱቅ እየገዛች የምትወስደው ዳይክሎፌናክ፣ ጽሑፉ የለቀቀ የሽሮፕ ጠርሙስ። ወጣቷ ሐኪም እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ደቃቃውን ፊደል እያነበበች በመስመር ደረደረችው። ከዚያ ቀለማቸውም ስማቸውም የማይመሳሰል ሁለት ፓኬቶችን ለይታ ጎን ለጎን አስቀመጠችና፣ «እማማ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው» አለቻት። ሁለቱም አምሎዲፒን ነበሩ፤ የተለያዩ ፋብሪካዎች የየራሳቸውን ስም ሰጥተዋቸው ነው እንጂ። አንዱን ከጤና ጣቢያ፣ ሌላውን ከግል ክሊኒክ ታዞላት፣ ሁለቱም የግፊት ናቸው ስለተባለች ሁለቱንም በየቀኑ ትውጥ ነበር። አምሎዲፒን መጠኑ ሲበዛ እግር እንደሚያሳብጥ የታወቀ ነው። የኩላሊት ምርመራው ለማረጋገጥ ተሠርቶ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ አንደኛው ፓኬት ቀረ፤ ግፊትንም ከፍ የሚያደርገው ኩላሊትንም የሚጎዳው ዳይክሎፌናክ አብሮ ቀረ። እብጠቱ ከዚያ ወዲህ እየጎደለ ሄደ። የዚያን ቀን ከበሩ ውጭ ያለው ወረፋ ምን ያህል ቆዩ እያለ ሲያጉረመርም ይሰማኝ ነበር። ነገሩን የፈታው ግን ማሽን አልነበረም፤ አንዲት ሐኪም ጠይቃ አንዲት አሮጊት ፌስታሏን መክፈቷ ነው።

ሐኪሙ ያልጠየቀበት፣ ታማሚውም ያልተናገረበት ጊዜ ምን እንደሚመስል ያየሁት በታናሽ ወንድሜ ነው። ኮምቦልቻ ይሠራል፤ ለሥራው ሲል ባቲ ወርዶ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው ወደ እናቱ ቤት ደሴ መጣ፤ አንድ ክሊኒክ ገባ፤ ደሙ ታየና «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ። እነዚህ ሁለቱ በእኛ አገር እንደ ባልና ሚስት ተለያይተው አያውቁም። ለታይፎይድ በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ጀርሙን ራሱን አያሳይም፤ ሰውነት በጀርሙ ላይ ያመረተውን መከላከያ ነው የሚለካው። ስለዚህ ከዚህ በፊት ለበሽታው የተጋለጠ ሰው፣ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው፣ ታይፎይድ ሳይዘው «ፖዘቲቭ» ሊባል ይችላል። ወንድሜ የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ እየዋጠ ትኩሳቱ እየተመላለሰ ሲያስቸግረው ሌላ ቦታ ሄደ። እዚያ ያገኘው ባለሙያ በመጀመሪያ የጠየቀው «ባለፉት ሁለት ሳምንታት የት የት አደርክ?» የሚል ነበር። ባቲ ሲለው ደሙ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ አዘዘ፤ ወባ ሆኖ ተገኘ።

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ያላት ደጋ ናት፤ ሐረጎን ተጠማዝዘው ሲወርዱ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ባቲ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ትላለች። በኢትዮጵያ ወባ በአብዛኛው የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ባለው ቦታ ነው። ደሴ የተቀመጠ ሐኪም፣ ፊቱ ያለው ትኩሳታም ከሐረጎ በታች ማደሩን ካላወቀ፣ ስለ ወባ የሚያስብበት ምክንያት ያንሰዋል። መጠየቅ የእሱ ድርሻ ነበር፤ በዚህ አልደራደርም። ወንድሜን ግን «ለምን አልነገርከውም?» ስለው የመለሰልኝ «ደሜን አይቶት የለም እንዴ» የሚል ነው። ደም ሁሉን ይናገራል ብለን እናምናለን። ሐኪሙ ጥያቄ ሲያበዛማ «አያውቅም መሰለኝ፣ እኔን ነው የሚጠይቀው» የሚሉ አዋቂዎች ቤታችን ውስጥም አሉ።

መደበቅ ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ የደሴ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ቦሩ ሜዳ ያለው ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የታወቀው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነበር፤ በልጅነቴ «ቦሩ ሜዳ ትሄዳለህ» ማለት ስድብ ነበር። ሥጋ ደዌ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቆዳ ላይ በሚወጣ፣ ሲነኩት በማይሰማ ፈዘዝ ያለ ምልክት ነው። ዛሬ በቅንጅት በሚሰጡ መድኃኒቶች እንደ ዓይነቱ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ይድናል፤ በጊዜው ከታከመ ጣትም አይቆረጥም፣ ዓይንም አይጠፋም። ምልክቷን በልብስ ሸፍኖ ዓመታትን ያሳለፈ ሰው ግን ጀርሙ ቢጠፋለትም የሞተው ነርቭ አይመለስለትም። ከመድኃኒት እጦት ይልቅ እጅና እግርን ያሳጣው ኀፍረት እንደነበር የድሮ ሠራተኞች ሲናገሩ ሰምቻለሁ።

ጸበሉንም ሆነ ዱዓውን ከሐኪም መደበቅ የጀመርነው ሁለቱ የሚጣሉ ስለሚመስለን ነው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ መድኃኒታቸውን ጥለው ጸበል የገቡ ብዙዎች ነበሩ፤ ጉዳዩ እጅግ አሳሳቢ ሆኖ ነው በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ የተናገሩት። ያ ቃል የስንቱን ሰው ሕይወት እንዳተረፈ የሚቆጥር የለም። ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ግን ሰው ሐኪሙ ፊት ሳይፈራ «ጸበል ላይ ነኝ» እንዲል ማድረጉ ነው። ሐኪሙ ያን ካወቀ ክኒኑ በሱባኤው ሳምንት እንዳይቋረጥ መምከር ይችላል። የሚጠጣውን ሥር ግን እንደ ጸበል አላየውም፤ መጠኑ ያልታወቀ ቅጠልና ሥር ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል ከሁሉ አስቀድሞ መነገር ያለበት እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ሐኪሞቹን ነፃ ለማውጣት አይደለም። የሚቆጣ ሐኪም አለ፤ የሚቆጣ ሐኪም ደግሞ ውሸት ያስተምራል። አንዴ ጸበል በመሄዷ በሰው ፊት የተዘለፈች ሴት ከዚያ በኋላ ምንም አትናገርም፤ ልጆቿም እንዳይናገሩ ታስጠነቅቃለች። ሆኖም ከጠረጴዛው ወዲያ ያለው ሰው በምን ሁኔታ እንደተቀመጠ ማየትም ተገቢ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን አያኖረንም ብለው በየከተማው ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱና ከመካከላቸው የታሰሩ ሲኖሩ፣ ብዙዎቻችን ለመጀመሪያ ጊዜ የዶክተር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ሰማን። ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ ጠዋት ወረፋ የሞላው ክፍል ገብቶ፣ የቤት ኪራዩን እያሰላ ፌስታል እንዲዘረግፍልን መጠበቅ ብዙ መጠበቅ ነው።

ገንዘቡ በእኛም በኩል አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር አንዷ የእኛው ጎረቤት ተሁለደሬ ነበረች፤ ሐይቅ አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችን ከእኛ ቀድመው ደብተር ይዘዋል። መድህኑ ብዙ ቤት ከመሸጥ አድኗል። ነገር ግን ደብተሩን ይዘው የተኙበት ሆስፒታል መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ ሲል መድህኑ እዚያ ላይ ያበቃል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገባው መድኃኒትም አብሮ ወጣ። ክኒን ለሁለት መክፈል ከዚህ የመጣ ነገር ነው። አቅም እንደሌለን ብንናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ረከስ ያለ ተመሳሳይ መድኃኒት አይጠፋም፤ ግማሽ ክኒን ከመዋጥ ይልቅ ርካሹን በሙሉ መዋጥ ይሻላል። «ዶክተር፣ ይህን መግዛት አልችልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከበሽታው ታሪክ እኩል መነገር ያለበት ነው።

በ2014 ዓ.ም. የሆነውን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ደሴ ጦርነት ሐኪም ቤቷን ሲያገኛት የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ በኅዳር 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ተመትቷል። በእኛ ዘመን ደግሞ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ፤ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ተዘረፈ፤ መድኃኒት ቤቶች ተዘጉ። መንገድ የቻለው ወጣ። እናቴ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ የትም ልንሄድ አልቻልንም። የነበረን ኢንሱሊን የራሷና ሸሽቶ የወጣ አንድ ጎረቤት ትቶልን የሄደው ነበር። ፍሪጁ ሲጠፋ፣ በሁለት እንስራ መካከል እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቄ ብልቃጦቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ውስጡ አኖርኩ፤ ሌሊት እየተነሣሁ አሸዋውን ውኃ አጠጣለሁ።

ከሰፈራችን ሳትወጣ የቀረች አንዲት ነርስ ነበረች፤ የግፊት መለኪያዋን ከጋቢዋ ሥር ደብቃ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። እንስራዎቼን አይታ ሳቀች። «የደሴ ኅዳር ራሱ ፍሪጅ ነው፤ አብሽሪ!» አለችኝ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ቢኖርበትም፣ የተከፈተው ብልቃጥ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ አንድ ወር ያህል ያለ ፍሪጅ እንደሚቆይ፣ ጠላቶቹ ፀሐይና በረዶ እንደሆኑ፣ እንስራው ቢያስፈልግ ለአፋር ቆላ እንጂ ለእኛ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ከዚያ ብልቃጡን ወስዳ በሁለት መዳፎቿ መካከል ቀስ ብላ እያሽከረከረች በሻማ ብርሃን አየችው፤ ደመናው ተስተካክሎ ከተቀላቀለ ደህና ነው፣ ጓል ወይም ፍርፋሪ ከታየበት ግን ይጣላል አለች። ሳቋ ቆመና ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ «ምን እየበሉ ነው? እውነቱን ንገሪኝ።» እናቴ ከወዲያ ሆና «አልሐምዱሊላህ፣ ጠግበን ነው የምናድረው» አለች። እኔ ግን በቀን አንዴ ቂጣ፣ አንዳንድ ቀንም ንፍሮ ብቻ እንደሆነ ተናገርኩ። ነርሷ የመርፌውን መጠን ቀነሰችው፤ የቀድሞውን መጠን በባዶ ሆድ ብትወጋ ኖሮ ስኳሯ ወርዶ ሌሊት ሳንሰማት ልትቀር ትችል ነበር። ፈጽሞ ማቆም እንደማይቻልም አስጠነቀቀችን፤ ያለችንን ጥቂት ስኳር ከራስጌዋ እንድናኖር አዘዘች። ያ ሁሉ ሆስፒታል ተዘርፎ ሳለ ሕክምና አገኘን የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ከሁሉ የሚከብደኝ ጉዳይ ሌላ ነው። በእኛ ባህል መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሌሊት ይጠበቃል፣ ሰውየው ከመንገድና ከሥራ ይጠራል። ይህ ወግ የሐኪም ክፍል ድረስ ገብቷል። ሐኪሙ ክፉ ውጤት ሲያገኝ ታማሚውን ቁጭ አድርጎ አስታማሚውን ወደ ኮሪደር ይጠራል፤ አስታማሚው ዓይኑን ጠርጎ ይመለስና «ምንም አይደለም፣ ጨጓራ ነው» ይላል። ለሐዘንተኛ የተሠራ ርኅራኄ ነው፤ ለሕያው ሰው ግን አይሆንም። ምን እንዳለበት ያላወቀ ሰው ስለ ምግቡ፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ቀሪ ጊዜው የሚወስነው በሌላ ሰው ውሸት ላይ ቆሞ ነው። የእናቴ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መገኘቱንና ስኳሩ ኩላሊቷን መንካት መጀመሩን ሐኪሟ ሊነግረኝ «አንድ ጊዜ ላነጋግርሽ» ብሎ ብድግ ሲል፣ እዚሁ እንዲነግራት ለመንኩት። እናቴ ሁለታችንን ተራ በተራ አየችን።

«ልትማከሩ ከሆነ እኔም ልስማው እንጂ» አለች።

ተቀምጦ ነገራት። ምን ማለት እንደሆነ፣ ግፊቷንና ስኳሯን ከተቆጣጠሩት ኩላሊቷ ዓመታት ሊቆይ እንደሚችል፣ ጨው መቀነስ እንዳለባት። ስታዳምጥ ቆይታ የጠየቀችው ስለ ኩላሊት አልነበረም።

«ልጄ፣ ረመዳን እየመጣ ነው። ያለፈው ዓመት ስትጠይቀኝ አልጾምኩም ብዬህ ነበር። ጾሜያለሁ።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «እንዳይጾሙ ነው የምመክርዎት፤ ሃይማኖቱም ለበሽተኛ ፈቅዷል።»

«ሼኾቹም ፊድያ አውጪ፣ በጾሙ ፈንታ ድሃ አብዪ ብለውኛል። ግን አልዋሽህም፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እሞክራለሁ።»

አልተቆጣም። ወረቀት ስቦ መጻፍ ጀመረ። የጠዋቱና የማታው መርፌ መጠን እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ የሌሊቱ ምግብ ሱሁር እስከ መጨረሻው ሰዓት እንዲዘገይ፣ ቀን ላይ ስኳሯ በየስንት ሰዓቱ እንደሚለካ፤ ለልኬት ጣት መውጋት ጾም ያፈርሳል ብላ እንዳትፈራ ሼኾቿን እንድትጠይቅ። ከሥሩም በትልልቁ አሰመረበት፦ ስኳሩ ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ በዚያው ሰዓት ጾሙ ይፈታል፣ የፀሐይ መጥለቂያው መግሪብ አይጠበቅም።

በረመዳን ጥቂት ቀናት ጾመች። አንድ ቀን ከአስር ሰዓት በኋላ እጇ ሲንቀጠቀጥ ለካን፤ 64 ነበር፤ ቴምር በላች፣ የቀሩትን ቀናት በፊድያ ተወችው። በቀጠሮዋ ቀን ቁጥሩንም ሰዓቱንም ለሐኪሙ የነገረችው እሷው ራሷ ናት።